እፍ ይበሉልኝ፣ እማማ

በሳንባና በጽኑ ሕሙማን ሕክምና የሁለት ዓመት የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠናዬን ስጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጠኝ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነበር። ወራቱ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ከየወሩ ትይዩ የምመደብበት ክፍል ተጽፏል። ጽኑ ሕሙማን፣ ምክክር፣ ጽኑ ሕሙማን፣ ብሮንኮስኮፒ፣ ተመላላሽ ክሊኒክ፣ እንደገና ጽኑ ሕሙማን፣ የትንፋሽ ምርመራ ክፍል፣ ከዚያም ጽኑ ሕሙማን። በአንድ ዓመት የሚቀድመኝ ባልደረባዬ ሠንጠረዡን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና «ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለኝ። የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ ሳይጨርስ በመተዉ አመሰገንኩት።

ይህ ሥልጠና በአገራችን ገና ወጣት ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከውጭ አገር በየተራ የሚመጡ መምህራን ነበሩ ሸክሙን የተሸከሙት። ከዚያ በፊት የሳንባ ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው ፓስፖርቱን ያዘጋጅ ነበር። ዛሬ እዚሁ ተምረን እዚሁ እንሠራለን። የማወራው ግን ስለ ሥልጠናው ታሪክ አይደለም፤ በየክፍሉ ስዞር አንድ በአንድ ስለተሰበሩብኝ ቁጥሮችና ጥያቄዎች ነው። የተማርኩበትንም ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቶቹ የራሴ ናቸውና።

የመጀመሪያው ወር፣ ሌሊት፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። በወሊድ ላይ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ አንዘፍዝፏት፣ በኋላም ሳንባዋ በውኃ የተሞላ ወጣት እናት አስገባን። ፊቷም እግሯም አብጧል። ቱቦ አስገብተን ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር አገናኘናት። መሣሪያው በአንድ ትንፋሽ ስንት ሚሊ ሊትር አየር ልስጥ ብሎ ይጠይቃል። አየኋት፤ 80 ኪሎ ትሆናለች አልኩ። ለአንድ ኪሎ ስድስት ሚሊ፣ 480። ቁጥሩን አስገባሁና ወደ ሌላው አልጋ ዞርኩ።

በዚያ ክፍል ከእኔ የሥልጠና ዘመን ሦስት እጥፍ የቆየች ሲስተር ነበረች። ከጋዎኗ ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች፤ ያ ቢጫው፣ ጫፉ በቆርቆሮ የታሰረው። ከታካሚዋ ተረከዝ እስከ አናቷ ዘረጋችውና «አንድ ሜትር ከሃምሳ» አለች። ዝም አልኩ። «ዶክተር፣ ሰውነቷ ቢያብጥም ሳንባዋ አብሮ አይወፍርም» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ስሌቱን አውቀዋለሁ። ሳንባ የሚያድገው በቁመት ልክ ነው፤ ስለዚህ ለመሣሪያው የሚሰጠው ክብደት ሚዛን ላይ የሚታየው ሳይሆን ከቁመትና ከጾታ የሚሰላው ነው። አንድ ሜትር ከሃምሳ ለሆነች ሴት 43 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ስድስት ሚሊ ሲባዛበት 260። እኔ የሰጠኋት ለኪሎ 11 ሚሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመውን ጥናት ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ፦ 861 ታካሚዎች፣ ግማሾቹ 12 ሚሊ፣ ግማሾቹ 6 ሚሊ፤ የሞት መጠን 39.8 በመቶ ከነበረበት ወደ 31 በመቶ ወረደ። በሳንባ ሕክምና ውስጥ ያለ ምንም አዲስ መድኃኒት፣ አየር በመቀነስ ብቻ ይህን ያህል ነፍስ ያተረፈ ነገር ጥቂት ነው። ጥናቱ በጭንቅላቴ ነበር፤ ሜትሩ ግን በሲስተሯ ኪስ። ታካሚዋ በአሥራ አንደኛው ቀን ከመሣሪያው ወጣች። እኔ በሳምንቱ መርካቶ ወርጄ የራሴን ሜትር ገዛሁ። ሻጩ «ሰፊ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

ሁለተኛው የተሰበረብኝ ቁጥር ጣት ላይ በሚደረግ መለኪያ የሚነበበው የደም ኦክስጅን መጠን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን እኛ ጋ 580 ያህል ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም ያው 21 በመቶ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚገፋው ኃይል ነው የሚያንሰው። ሲሰላ ጅቡቲ ላይ 150 የሆነው ግፊት እዚህ 112 ይሆናል። ከባሕር አጠገብ ካለ ከተማ የመጡ አንድ እንግዳ ፕሮፌሰር በመጀመሪያው ቀን ራውንድ ላይ አንዱን ታካሚ 91 በመቶ ሲያነብ አይተው ኦክስጅን ለምን አልተደረገለትም ብለው ተቆጡ። አብረን ነበርን፤ መለኪያውን በየጣታችን አዞርነው። 94፣ 95፣ 94። በመጨረሻ በእርሳቸው ጣት ላይ አደረግነው፤ 91። ሳቁ፣ እኛም ሳቅን፣ ታካሚውም ሳቀ። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ራሳቸው አዲስ ለሚመጡ ባልደረቦቻቸው የሚነግሩት ቀልድ ሆነ።

ነገሩ ግን በቀልድ አያበቃም። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው ብለን በተራራ ቁጥር እናርመው ብንል፣ የማን ተራራ? በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ደማቸው እምብዛም አይወፍርም፣ የኦክስጅን መጠናቸው ግን ዝቅ ይላል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ገበሬዎችን ለክቶ ሁለቱም እንደማይታዩ አገኘ፤ ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ 88 በመቶ ይዞ ከደባርቅ የመጣ ሽማግሌ ፊት ስቆም «ለከፍታው ደህና ነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይቆማል። ቁጥር አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ከፍታ ብቻ አይደለም።

አጣዳፊ የሳንባ ውድቀት የሚባለውን ሕመም የሚበይነው እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የበርሊን ድንጋጌ ከ1,000 ሜትር በላይ ላለ አገር የአየር ግፊት ማስተካከያ በግርጌ ማስታወሻ ያዝዛል። የደም ጋዝ ምርመራም፣ ማለትም ኦክስጅኑን ከተቀዳ ደም መለካትን፣ ይፈልጋል፣ ራጅም ይፈልጋል፣ በመሣሪያ የሚሰጥ የማያቋርጥ ግፊትም ይፈልጋል። እኛ ጋ የደም ጋዝ መመርመሪያው ካርትሪጅ ካለቀ ሁለት ወሩ። በመጽሐፉ ቋንቋ እንሂድ ቢባል በዚያ ክፍል ይህ ሕመም ያለበት አንድም ሰው አልነበረም፤ የሞቱበት ግን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኪጋሊ የወጣው ጥናት ይህንን ነው የፈታው፦ በደም ምትክ የጣት መለኪያ፣ በራጅ ምትክ አልትራሳውንድም ይሁን፣ መሣሪያም ግዴታ አይሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ዓለም አቀፉ አዲስ ብያኔ ሐሳቡን ተቀበለው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን አልደብቅም፤ አገሬ ባይሆንም ጎረቤቴ መጽሐፍ ውስጥ ገባ ብዬ ቡና ጋበዝኩ።

ስለ ኦክስጅን ሲሊንደር ደግሞ ይህን ብቻ ልበል። ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ 6,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሰው አሥር ሰዓት ነው። በደቂቃ 60 ሊትር በሚሰጠው መሣሪያ ላይ ላለ ሰው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ተረኛ በሆንኩ ሌሊት ይህን ሒሳብ ሳልሠራ የተኛሁበት ቀን የለም። በረኛው ሲሊንደር የሚገፋበት ጋሪ በኮሪደሩ ሲንኳኳ እስከ ዛሬ ይቀሰቅሰኛል፤ ቤቴ ተኝቼም ቢሆን።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። በመማሪያችን ውስጥ ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ተቀመጡ፣ ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠይቁ፣ ከዚያም በግልጽ ቃል ንገሩ ይላል። ሸጋ ምዕራፍ ነው። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አባቱ በመሣሪያ ላይ የሞተበትን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀስቅሼ፣ ጸጥ ወዳለ ቦታ ወስጄ፣ አስቀምጬ፣ በግልጽ ቃል ነገርኩት። ምዕራፉን ከነቅደም ተከተሉ ፈጸምኩ። ልጁ ብድግ አለ፣ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ወደቀ። ግንባሩን ሰፋሁለት። እስኪነጋ ድረስ ብቻውን ተቀመጠ፤ እኔም ሦስት ሌሎች ታካሚዎች ነበሩኝ።

ጠዋት አጎቱ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ለወንድሜ የደከምሽውን ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ቀጥለው «መርዶ ግን ለአንድ ልጅ በሌሊት አይነገርም» አሉኝ። ይኸው ነው ያሉት።

መርዶ ማለዳ ነው። ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ዘመድ ይፈልጋል፣ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ይፈልጋል። ይህን ማን ያስተምረኝ? አያቴ ስትሞት እናቴን ንጋት ላይ ሲያረዷት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አውቀው ነበር። ነጭ ጋዎን ስለብስ ግን የማውቀውን ከበሩ ውጭ ሰቅዬ እገባ ነበር። አሁን ታካሚ ሲገባ ከስልክ ቁጥር በፊት «ከቤተሰቡ ነገር የሚያዝለት ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «የንስሐ አባት አላቸው?» እላለሁ፤ እንደየሰዉ «ሼኹ ይጠሩ?» እላለሁ። «ማሽን ላይ የገባ አይወጣም» የሚለውን የሰዉን እምነት ደግሞ እንደ ድሮው በክርክር አልገጥመውም፤ ወጥተው ሊያመሰግኑን የሚመጡትን ሰዎች ለአስታማሚዎች አስተዋውቃቸዋለሁ። ጸበል ላጠጣ ለሚል ልጅ፣ አፉ ውስጥ ቱቦ ስላለ ማጠጣት እንደማይቻል፣ ግንባሩን መቀባት ግን ማንንም እንደማይጎዳ እነግረዋለሁ። አንዳንድ ሲኒየሮች ይህ ሕክምና አይደለም ይላሉ። እኔ ደግሞ ከመሣሪያው ቁልፎች ሁሉ ይህ ያስቸግራል እላለሁ።

ስለ ምክክሩ ወር ብዙ የምለው የለኝም። ከክፍል ወደ ክፍል እየሮጡ ከሳንባ ዙሪያ ውኃ መቅዳት ነው። ውኃው በምርመራ ይለያል፣ ቲቢ ይሆናል፣ ካንሰር ይሆናል፣ የልብ ይሆናል። እግሬ ቀጠነ፤ እጄ ሠለጠነ።

ለብሮንኮስኮፒው ወር ግን አንድ ውለታ አለብኝ። ዕቃው ጫፉ ካሜራ ያለበት፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ የሚተጣጠፍ ቱቦ ነው። በዓለም የመጀመሪያውን ብሮንኮስኮፒ እ.ኤ.አ. በ1897 የሠሩት ጉስታፍ ኪሊያን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ ያወጡት የአሳማ አጥንት ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ከገጠር የመጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት ደም ተፍቷል። አክታው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ቲቢ የለም ተብሏል፤ ሆኖም ደም የሚተፋ ልጅ ቲቢ ነው በሚል የስድስት ወሩ መድኃኒት ሊጀመርለት ቀን ተቆርጧል። ቱቦውን በአፍንጫው አስገብቼ ወደ ድምፅ አውታሮቹ ወረድኩ። ከሥራቸው አንድ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። የረጋ ደም ነው አልኩ። የረጋው ደም ተንቀሳቀሰ።

አልቅት። አውጥተን በጠርሙስ ስናደርገው እንደ ትንሽ ጣት ነበር። ውጭ የሚጠብቀውን አባቱን ጠርቼ አሳየሁት። ሰውየው አልገረመውም። «ብያቸው ነበር እኮ» አለ። «ምንጭ ነው የምንጠጣ፣ ከብቱንም ይይዘዋል፣ አልቅት እንዳይሆን ብዬ ለሦስት ሐኪም ተናግሬያለሁ።» መዝገቡን ገለጥኩ። የሦስቱም ሐኪሞች ጽሑፍ አለ፤ አልቅት የሚል ቃል የለም። ሦስተኛው የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወር በኋላ ነው ወደ ተመላላሽ ክሊኒኩና ወደ ትንፋሽ ምርመራ ክፍሉ የዞርኩት። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ለወጣ ሰው እረፍት ይመስላል። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይሮጥም፤ ሰው ተቀምጦ ያስላል። ከቲቢ የዳኑ፣ ጠባሳው ግን ሳንባቸውን ያኮማተረባቸው ሰዎች ራጃቸውን በቢጫ ፖስታ ይዘው ይሰለፋሉ። ብዙዎቹ ጠባሳውን ያየ ሐኪም ሁሉ እንደ አዲስ የቲቢ መድኃኒት ያስጀመራቸው ናቸው።

አንድ ሐሙስ እማማ መጡ። ስማቸውን ትቼዋለሁ። ከኮረብታው በኩል ናቸው፣ ደረጃውን ለመውጣት አራት ጊዜ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ቅጹን ከፍቼ ጀመርኩ። ዕድሜ? «ጃንሆይ ሲወርዱ ሁለት ልጅ ነበረኝ።» ማሽኑ ከነቀኑ የልደት ዘመን ይፈልጋል፤ ሰባ አልኩና መስከረም አንድን ሰጠሁት። ቁመት? ሜትሬን አወጣሁ፤ ጀርባቸው ስለጎበጠ ክንዳቸውን ዘርግቼ ለካሁ። ዘር? እዚህ ጋ ማሽኑ ዝርዝር ያወጣል። የእኛ መሣሪያ የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የመመዘኛ ሰንጠረዥ ነው፤ ነጭ፣ አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ ሁለት ዓይነት እስያዊ፣ ሌላ። በኋላ ዘር የማይጠይቅ ሰንጠረዥ ወጥቷል፤ እኛ ጋ ግን ገና አልደረሰም። እማማን «ሌላ» አልኳቸው።

«አጭሰው ያውቃሉ?»

«ኧረ በእመቤቴ!» አሉ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው። «ምን በደልኩሽ ልጄ?»

አያጨሱም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ አልቅቱ ትዝ አለኝና ብዕሬን አስቀመጥኩ። በምን ይጋግራሉ? አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ሦስት ልጅ ያሳደጉት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት በማስረከብ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ በማገዶና በባሕር ዛፍ ቅጠል። ማድቤቱ መስኮት አለው? «ለብርድ ደፈንኩት።» ስንት ዓመት? በጣታቸው ቆጠሩ፣ ጣቱ አልበቃም። ከአርባ በላይ። በሕይወቴ ካየኋቸው አጫሾች ሁሉ የሚበልጥ ጭስ የሳቡ ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ቅጹ ግን አያጨሱም ይላል።

ወደ መንፊያው ወሰድኳቸው። «በደንብ ይሳቡና እስከ መጨረሻው እፍ ይበሉልኝ፣ እማማ።» አፋቸውን አስጠጉ። እፍ። እፍ። እፍ። ሦስት አጭር፣ ልከኛ፣ የተመጠነ ትንፋሽ። ማሽኑ ስሕተት አለ። እንደገና። እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ባለሙያው ትዕግሥቱ አለቀ። እኔ ግን ምን እያደረጉ እንደሆነ ገባኝ። እሳት እያነደዱ ነበር። ፍም የሚነደው በአጭር በአጭሩ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ስድስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሳይቆም የሚወጣ ትንፋሽ ነው፤ እንደዚያ የነፋ አመዱን ሁሉ ዓይኑ ላይ ይበትናል። በስድስተኛው ሙከራ ተሳካልን። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 0.52 እጅ ብቻ ነበር፤ 0.70 መድረስ ነበረበት።

የሚሳብ መድኃኒት አዘዝኩላቸው። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቀድጄ እንዴት እንደሚሳብበት አሳየኋቸው፤ ወደዱት። ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ «ጭስ ይቀንሱ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ተመለከቱኝ።

«ጭሱን ልቀንስ እንጀራውን?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ አነሳሁ፤ መብራቱ በሚጠፋበት ሰፈር ምግብ ቤቱ እንደማይጠብቃቸው ነገሩኝ። መስኮቱን እንዲከፍቱ ተስማማን። ተነሥተው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ «አንቺስ ልጄ፣ ሌት ተቀን እዚህ ነሽ፤ እንጀራ ከየት ነው የምትበይው?» አሉኝ።

እገዛለሁ አልኳቸው።

የምገዛው ከቤቴ ሦስተኛ በር ካለች ሴት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከተረኝነት ስመለስ፣ በሯን አንኳኩቼ አሥር እንጀራ እቀበላለሁ። ከጀርባዋ ካለው ቆርቆሮ ቤት ጭስ ሲወጣ በየቀኑ አየዋለሁ። በዚያ ሐሙስ ማታም አንኳኳሁ። ስታሽግልኝ «ሳል አለብሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሳል የሌለባት ጋጋሪ የት አለች?» አለችና ፌስታሉን ቋጥራ ሰጠችኝ።